የድሮ ተኩስ መለማመጃ ላይ መሠረት ላስቆፍር ነው፤ እባካችሁ ምከሩኝ

የገዛሁት መሬት ድሮ የጦር ሠራዊት የተኩስ መለማመጃ ነበር። ከፈንጂ «ጸድቷል» የሚል ወረቀት አለው። ወረቀቱን በደንብ ሳነበው ግን የተፈተሸው እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። እኔ የምቆፍረው 1 ሜትር ተኩል ነው! ሳይፈነዳ የቀረ ከባድ የመድፍ ጥይት ደግሞ ከዚያም በላይ ጠልቆ ሊቀበር ይችላል።

በቅርቡ ዝናብ አፈሩን አጥቦ አንድ የዛገ፣ ጭራው ላይ ክንፍ ያለው ነገር ብቅ አለ። የሞርታር ቅምቡላ ነበር። ማንም አልነካውም፤ ራቅ ብለን ለፖሊስ ደወልን፣ ባለሙያዎች መጥተው እዚያው አፈነዱት። ሰው ሁሉ «ዝጓል፣ ምንም አያደርግም» ሲል ነበር። ዝገት መቼ ፈንጂ አምክኖ ያውቃል?

አንዱ ለፍተሻው ማግኔቶሜትር (የተቀበረ ብረት በመግነጢስነቱ የሚፈልግ መሣሪያ) ይበቃል ይለኛል። መሣሪያው ግን የሚለየው ብረትን ብቻ ነው፤ አሉሚኒየምና ነሐስ ያመልጡታል። በኤሌክትሮማግኔቲክ የሚሠራው መሣሪያ እነሱንም ያገኛል፣ ጥልቀት ላይ ግን ይደክማል። መሬቱ በጥይት ፍንጣሪ ስለተሞላ መሣሪያው ሲጮህ ነው የሚውለው።

ይህን ያለፋችሁበት ካላችሁ፦ እየፈተሹ አፈሩን በስሱ እያነሱ መውረድ ያዋጣል? ወጪውን ሻጩን መጠየቅ እችላለሁ? ኤክስካቫተሩን ለጊዜው አስቁሜዋለሁ።