"ጋርጎይል" በአማርኛ ምን እንበለው?

ሰሎሜ ዘፓሪስ፦ ለአገር ልጆች የፓሪሱን የኖትርዳም ካቴድራል መግለጫ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተገትሬያለሁ። "ከጣሪያው ጠርዝ አንገታቸውን ያሰገጉት ... ዝናቡን አርቀው ይተፋሉ።" ባዶው ቦታ የጋርጎይል ነው፤ ዘንዶና ውሻ የሚመስለው የድንጋይ አውሬ። አሸንዳ ልበለው?

የዜማ ተማሪ፦ አሸንዳ ሲባል የሚታየኝ ቆርቆሮ ነው። ፈረንሳይኛው ጋርጉይ ነው፣ ከጉሮሮ የመጣ። የእኛው ጉሮሮ እኮ ነው! ግእዙም ጕርዔ። ሥርወ ቃላቸው አንድ ሳይሆን አይቀርም።

ባለ መዝገቡ፦ ልጄ፣ ጕርዔ ላይ ያለችውን ዐይን፣ ፊደሏን "ዔ"ን፣ የት አደረስካት? ፈረንሳይኛው የውሃ ድምፅ ነው። ውሃ ጉሮሮ ውስጥ ሲንቆረቆር ለሁሉም ጆሮ ያው ነው። ዝምድና አይባልም።

የዜማ ተማሪ፦ የኔታ፣ ዳዊትስ? "ከመ መቃብር ክሡት ጐራዒቶሙ" ይላል፣ መዝሙር 5፤ ጉሮሯቸው እንደ ተከፈተ መቃብር ነው ማለት ነው። አፉን በርግዶ የተቀመጠውን አውሬ ሲያዩት ይኸው አይደለም?

ባለ መዝገቡ፦ እሱ ስለ ሐሰተኞች አንደበት ነው። ከድንጋይ ጋር አታገናኘው።

የሽሬዋ፦ ርእሰ ህበይ ብንለውስ? የዝንጀሮ ራስ። ደብረ ዳሞ ሞልቷል፣ አክሱም ሐውልቱ ላይም ተቀርጿል።

ግንበኛው፦ እትዬ፣ እሱ ግድግዳ አሳስሮ የሚይዝ የእንጨት ጫፍ ነው። ውሃ አያወርድም። የሚቀርበው ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ ያለው መውረጃ ነው።

ባለ መዝገቡ፦ "ይተፋሉ" የሚለውም ደስ አላለኝም። የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ያፈስሳል እንጂ አይተፋም።

ግንበኛው፦ ይቅርታ የኔታ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ውሃው ግድግዳውን ታክኮ ከወረደ ኖራውን ያጥበዋል፣ ድንጋዩ ይላላል። አንገቱ የረዘመው ለዚህ ነው። ጀርባው ላይ ቦይ አለ፣ ውሃው በዚያ መጥቶ በአፉ ይወረወራል። መትፋት ነው።

የሽሬዋ፦ ጀርመን፣ ፍራይቡርግ ካቴድራል ላይ ግን መቀመጫውን ወደ ውጭ የሰጠ አለ። ውሃው በዚያው ነው የሚወጣው! አይቼ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። ጉሮሮ ካላችሁት እሱን ምን ልትሉት ነው?

ሰሎሜ ዘፓሪስ፦ 😂 አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ምላሱን አውጥቶ ፓሪስን ቁልቁል የሚያየውስ?

ግንበኛው፦ እሱ ውሃ አያወርድም። በ19ኛው መቶ ዘመን እድሳት ጊዜ አርክቴክቱ ቪዮሌ ለ ዱክ ለጌጥ የጨመረው ነው። ሌላ ስም ይፈልጋል።

ሰሎሜ ዘፓሪስ፦ እሺ፣ የመጀመሪያውንስ "ባለ ጉሮሮ አሸንዳ" ብዬ ልላከው? ነገ ማስረከብ አለብኝ።

ባለ መዝገቡ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ የዐይኗ ነገር ይለቅ። ጕርዔን በዐይኑ "ዔ" ሳይሆን በአልፋው "ኤ" የሚጽፍ ካለ እዚሁ ይንገረኝ።