ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ከመታሰሩ በፊት ይሄ ሁሉ ራጅ የግድ ነው?

የሶሊ እናት፦
ሰላም ቤተሰብ። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። የላይኛው የፊት ጥርሶቿ ተደራርበዋል። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀምራለች፣ አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፣ አፏን አስከፍቶ አየና "አራት ጥርስ ይነቀላል፣ ሰኞ ብሬስ እናስራለን" አለኝ። ሌላ ቦታ ስሄድ ደግሞ ሁለት ዓይነት ራጅ፣ ፎቶና የጥርስ ልኬት ሳይኖር ምንም አንነካም አሉኝ። ሁሉም ለየብቻ ይከፈልበታል። የምር ያስፈልጋል ወይስ ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው? ጨረሩስ ልጅ አይጎዳም?

ጥርስ ሐኪም፦
እህቴ፣ ሥራዬ ይሄው ነው። እኔ ብሆን ሁለተኛው ጋ ነው የምወስዳት። ነቀላው ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን ሳይለካ በምን አወቀ? በዓይን የሚታየው ከድድ በላይ ያለው ብቻ ነው። ውስጥ ያልወጣ ጥርስ ሊኖር ይችላል፣ ትርፍ ጥርስ ሊኖር ይችላል፣ ከነጭራሹ ያልተፈጠረም አለ። ፓኖራሚክ የሚባለው ራጅ ሁለቱንም መንጋጋ ከነጥርሶቹ ሥር በአንድ ምስል ያሳያል። ጤነኛ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ሌላው እንደጎደለ ቢታወቅ መመለሻ የለውም።

ከጎን የሚነሳው ሴፋሎሜትሪክ ይባላል። በ1931 ብሮድቤንት አሜሪካ፣ ሆፍራት ጀርመን ሆነው ያስተዋወቁት ነው፣ እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን። ችግሩ የጥርስ ነው ወይስ የአጥንት የሚለውን ይለያል። ከራስ ቅሉ ሥር አንጻር በማዕዘን ሲለካ የላይኛው መንጋጋ ወደ 82 ዲግሪ፣ የታችኛው ወደ 80 ይጠበቃል፣ ልዩነታቸው ሲሰፋ አንዱ ወደ ፊት ወጥቷል ወይም ሌላው ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ቁጥሮቹ የተወሰዱት ከነጮች ፊት ስለሆነ እኔ እንደ ሕግ አልይዛቸውም፣ የልጅቷን ፊትና ከንፈር አብሬ ነው የማየው፣ ፎቶውም ለዚሁ ነው። እዚያው ራጅ ላይ የአንገቷ አጥንቶች ቅርጽ ገና እያደገች መሆኗንም ይነግረናል። በ12 ዓመት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ልኬቱ ቀላል ነው። እንደ ሊጥ ያለ ነገር አፏ ውስጥ ገብቶ ቅርጹ ይወሰዳል፣ ጀሶ ይፈስበታል፣ ወይም በካሜራ ስካን ይደረጋል። የቦታ ጥበቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንቀል አያስፈልግም። ከ10 ካለፈ ግን ብዙ ጊዜ ይነቀላል።

ስለ ጨረሩ ብዙ አትጨነቂ። ፓኖራሚኩ ከአካባቢያችን በተፈጥሮ በጥቂት ቀናት ከምናገኘው አይርቅም። ኮን ቢም የሚባለውን ባለ ሦስት አቅጣጫ ራጅ ካዘዙ ግን ለምን እንደሆነ ጠይቂ፣ እሱ ለሁሉም ልጅ አይታዘዝም።

ሜሪላንድ ነኝ፦
ዶክተር ያሉት በእኔ ደርሷል። በ14 ዓመቴ አገር ቤት ሳለሁ ያለ ምንም ራጅ ብሬስ ታሰረልኝ። ሁለት ዓመት ተጎተተ፣ አንዱ ክራንቻዬ ግን ሊወጣ አልቻለም። እዚህ መጥቼ ፓኖራሚክ ስነሳ ለካ ላንቃዬ ውስጥ ተጋድሞ የጎረቤቱን ጥርስ ሥር በልቶታል። ያኔ ኮን ቢም ታዘዘልኝ፣ በየት በኩል እንደሚሳብ ለማወቅ። ጥርሱ ተረፈ፣ ግን እስከ ዛሬ በሱ በኩል ጠንካራ ነገር አልነክስም። የወተት ክራንቻዬ በጊዜው አለመነቃነቁ ምልክት ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም። የሶሊን እስኪ እዪላት።

ሁለት ልጅ ያሰርኩ፦
የራጁን ኮፒ ተቀብለሽ እጅሽ ላይ አስቀሪው። ሐኪም ብትቀይሪ እንደገና አትከፍዪም፣ ልጅቷም ሁለት ጊዜ አትነሳም።

የሶሊ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁን መብራት አብርቼ አየኋት። የቀኙ ክራንቻ ወጥቷል፣ የግራው ትንሽዬ የወተቱ ነው፣ ንቅንቅም አይል። የሰኞውን ቀጠሮ ሰርዣለሁ። ነገ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ራጁን አስነሳታለሁ።