የደሴና የኮምቦልቻ የጋራ ምክረ ሐሳብ፦ ክፍል ሦስትን እንጨርሰው

ሰብሳቢ (ደሴ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ክፍል አንድና ሁለት ጸድቀዋል፣ አንነካካቸው። የቀረን «ወሲብ የሚገዛው ይቀጣ» የሚለው ነው። ረቂቁ ገዢውን ስለሚቀጣው የፈረንሳይ ሕግ «የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሕጉን ደግፎታል» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ጠበቃው፦ ጋሼ፣ እንዲህ ብለን ከላክነው ጉድ ነው የምንሆነው። ፈረንሳይ ሕጉን ያወጣችው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ገዢው እስከ 1,500 ዩሮ ይቀጣል፣ ከደገመ እስከ 3,750። በወሲብ ሥራ ላይ ያሉ 261 ሰዎች «ሕጉ ለአደጋ አጋለጠን» ብለው ፍርድ ቤቱ ያለበት ስትራስቡርግ ድረስ ሄደው ከሰሱ። ሐምሌ 2024 ላይ ተረቱ። ፍርድ ቤቱ ግን ሕጉን አላሞገሰም። የአውሮፓ አገሮች በጉዳዩ ስላልተስማሙ ለፈረንሳይ ሰፊ የመወሰን ሥልጣን ተወላት። ሕጉን በየጊዜው እንድትፈትሽም አሳሰባት።

የኮምቦልቻ ተወካይ፦ ተረቱ አይደል እንዴ? ምን ያከራክረናል?

ጠበቃው፦ ካናዳን ተመልከት። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በወሲብ ሥራ ላይ የነበሩትን የድሮ ክልከላዎች የሻረው ሴቶቹን ለአደጋ ያጋልጣሉ ብሎ ነው። ፓርላማው በ2014 ገዢውን የሚቀጣ ሕግ ተካ። ያም ቢሆን እስካሁን ፍርድ ቤት ከመመላለስ አልዳነም።

ነርሷ (ኮምቦልቻ)፦ እኔ ከመንገዱ ልናገር። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ማታ ሲቆም ልጅቷ መጀመሪያ ፊቱን ታያለች። ከዚያ ታርጋውን ለጓደኛዋ ትነግራለች። ያቺ ሁለት ደቂቃ ናት የምታድናት። ቅጣት የፈራ ሹፌር ግን መብራት ያለበት አይቆምም፤ ገባ ብሎ ጨለማ ውስጥ ነው የሚጠራት። እናንተ ገዢዎቹን ክሰሷቸው ስትሉ የምትጎዳው እሷ ናት።

የኮምቦልቻ ተወካይ፦ እህቴ፣ ወላሂ ይሄን አላሰብኩትም። ግን ገዢውን ዝም እንበለው? ደላላውስ?

ጠበቃው፦ ለደላላው አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 634 በሌላው ገላ የሚነግደውን፣ ቤቱን ለዚሁ የሚያስተዳድረውንም ይቀጣል። ችግሩ ማን ይከሳል ነው። ደግሞ የወንጀል ሕግ ማውጣት በዋናነት የተወካዮች ምክር ቤት ሥልጣን ስለሆነ፣ ለክልሉ ብቻ መላኩ ዋጋ የለውም።

ሰብሳቢ፦ አብሽሩ፣ እየጠራ ነው። «ደግፎታል» ይውጣ። በቦታው «ሕጉ መብት አልጣሰም ብሏል፣ እንዲፈተሽም አሳስቧል» ይግባ። 634 ይፈጸም የሚለው ወደ ላይ ይምጣ። ገዢው ይቀጣ የሚለው ሴቶቹ ሳይጠየቁ አይገባም። ነርሷ፣ አንቺ አነጋግሪያቸው፤ ስም እንዳትጽፊ።

ነርሷ፦ እሺ። ግን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚገኙት፤ ጠዋት ስብሰባ እንዳትጠሩኝ።

የኮምቦልቻ ተወካይ፦ እኔ ግን ቅጣቱ ይኑር ከሚለው አልተነሳሁም። ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።