«ደጋግሞ ንስሐ የሚገባ ገና አልተወለደም»? እስቲ እንነጋገር

የሽምብጥ ልጅ፦
ትናንት እዚህ ባሕር ዳር ከፔዳ ወደ ጊዮርጊስ ስሄድ የባጃጁ ሹፌር ስብከት ከፍቶ ነበር። ስለ ዳግም ልደት ነው። እስከ መሃሉ ጥሩ ነበር። ከዚያ ሰባኪው «ደጋግሞ ንስሐ የሚገባ ሰው ገና ዳግም አልተወለደም» አለና ጉባኤው በአሜን አናጋው። በጣም ነው የተናደድኩት። እናቶቻችን በየጾሙ ንስሐ አባታቸው ፊት የሚቀርቡት ሳይወለዱ ነው ማለት ነው?

ብርሃነ ጣና፦
ምኑ ያናድዳል ወንድሜ? 1ኛ ዮሐንስ 3፥9 ከእግዚአብሔር የተወለደ ሁሉ ኃጢአትን አያደርግም ይላል። እኔ አልጻፍኩትም። በሰፈራችን የማየው ግን ሐሙስ ንስሐ፣ ቅዳሜ መጠጥ ቤት ነው። ያው ሰው፣ ያው ኃጢአት፣ ያው ንስሐ። ክርስቶስ የለወጠው ሰው እንዲህ አይኖርም።

ወለተ ኪዳን፦
ልጄ፣ ያንኑ መልእክት ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብበው። ምዕራፍ 1 ቁጥር 8 ላይ ኃጢአት የለብንም ብንል ራሳችንን እናስታለን ይላል። ምዕራፍ 2 ቁጥር 1 ደግሞ ማንም ኃጢአት ቢያደርግ ጠበቃ አለን ይላል። ለማን ነው የጻፈው? «ልጆቼ ሆይ» ለሚላቸው ነው። ላልተወለዱ አይደለም። ልደቱንማ ጌታ ራሱ ለኒቆዲሞስ ከውኃና ከመንፈስ ብሎ ነግሮታል። እኛ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን አስጠምቀን፣ ሜሮን ተቀብተው፣ በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ልክ ተጋድሎ ነው።

ብርሃነ ጣና፦
እናቴ ከአክብሮት ጋር፣ የ40 ቀን ሕፃን ምን አምኖ ነው የሚወለደው?

የሽምብጥ ልጅ፦
አንተ በሥጋ ስትወለድ ፈቃድህን ተጠይቀሃል?

ብርሃነ ጣና፦
ይሄ መልስ አይደለም። ደግሞ በ40 ቀን ተወልዶ ካለቀ በየዓመቱ ጥር 11 ውኃ ዳር ምን ትሠራላችሁ?

የሽምብጥ ልጅ፦
ባሕር ዳር አድገህ ይህን መጠየቅህ ይገርማል። ጥር 11 የጌታ ጥምቀት መታሰቢያ ነው። የምንረጨው ለበረከት ነው። እንደገና የሚጠመቅ ማንም የለም። በጸሎተ ሃይማኖት «አንዲት ጥምቀት» የምንለው እኮ ለዚህ ነው። አሁን ወደ «ደጋግሞ» ተመለስ። የተናደድኩት በእሱ ነው።

ፖሊ ግቢ፦
እኔ መካነ ኢየሱስ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ከሰባኪው ጋር አይደለሁም። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 ባወጣቸው 95 ነጥቦች የመጀመሪያው የምእመን ሕይወት በሙሉ ንስሐ እንዲሆን ጌታ ይፈልጋል የሚል ነው። በሙሉ! አንድ ቀን እጅ አንስቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። አባታችን ሆይ ላይስ? የዕለት እንጀራ ለምነን ወዲያው «በደላችንን ይቅር በለን» እንላለን። እንጀራው የየዕለት ከሆነ ይቅርታውም የየዕለት ነው።

ብርሃነ ጣና፦
አንተማ ሕፃን የምታጠምቁ ስለሆናችሁ ከእነሱ ጋር ብትቆም አይገርመኝም።

ፖሊ ግቢ፦
ስለ ንስሐ ተናገርኩ፣ ስለ ሕፃን ጥምቀት መለስክልኝ። እሺ፣ ጳውሎስ በሮሜ 7 «እኔ ምንኛ ጐስቋላ ሰው ነኝ» ሲል ስለ ማን ነው የሚያወራው?

ብርሃነ ጣና፦
ከመዳኑ በፊት ስለነበረው ሕይወት ነው። ሮሜ 8ን ቀጥልበት፣ አርነት ወጥቻለሁ ይላል።

ፖሊ ግቢ፦
በሮሜ 7 አልስማማም ግን ልተውልህ። ጴጥሮስስ? መንፈስ ቅዱስ ከወረደ በኋላ፣ ስንቱን ካጠመቀ በኋላ፣ በአንጾኪያ ሰው ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ ሲሸሽ ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃወመው። ገላትያ 2 ነው። ጴጥሮስ አልተወለደም ልትል ነው?

ብርሃነ ጣና፦
አንዴ ተገሠጸ። ደጋገመው የሚል አሳየኝ። የተወለደ ሰው አይሳሳትም አላልኩም። ኃጢአትን ኑሮው አያደርግም ነው ያልኩት።

የሽምብጥ ልጅ፦
አሁን ሌላ አልክ። ሰባኪው ያለው «ደጋግሞ ንስሐ የሚገባ» ነው። ኃጢአትን ኑሮው ያደረገና ንስሐን ኑሮው ያደረገ ሰው አንድ ናቸው? የመጀመሪያው ግድ የለውም። ሁለተኛው እያለቀሰ ይመለሳል። ሰባኪው የሰደበው የሚያለቅሰውን ነው።

ዝም ያልኩት፦
ብዙ ጊዜ እዚህ አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ልጻፍ። እኔ የጫት ሱስ ነበረብኝ። ከቤት ገንዘብ ሰርቄ ቅሜያለሁ። ንስሐ ገባሁ፣ ተመለስኩበት፣ እንደገና ገባሁ። በመሃል እንዲህ ያለ ስብከት ሰማሁና እኔ ያልተወለድኩ ነኝ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። የቃምኩት ከምንጊዜውም በላይ ያኔ ነው። የመለሱኝ ንስሐ አባቴ ናቸው። ቤት ድረስ መጥተው «ስንት ጊዜ ወደቅህ?» አላሉኝም። «ለምን ቀረህ?» ነው ያሉኝ። ዛሬ አልቅምም። ይህን ቃል በቀላሉ አትወርውሩት፣ ሰው ይገድላል።

ብርሃነ ጣና፦
ወንድሜ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከልቤ ነው። ግን አየህ፣ ዛሬ አትቅምም። እኔ የምለውም ይህንን ነው። ለውጥ ታየ።

ወለተ ኪዳን፦
ታየ! መቼ? ደጋግሞ ከተነሣ በኋላ። ግብፃዊቷ ማርያም በረሃ ገብታ 17 ዓመት ከቀድሞ ምኞቷ ጋር ታግላለች። ሙሴ ጸሊምም ወንበዴ ነበር፣ መንኩሶም ፈተናው አልለቀው ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ነበር። አባ ኤስድሮስ ጣሪያ ላይ አውጥተው የፀሐይዋ ጮራ ጨለማውን ቀስ በቀስ ሲገፋው አሳዩት፣ የነፍስም ነገር እንዲሁ ነው አሉት። እዚህ ዘጌ ገዳም ዕድሜያቸውን የፈጸሙ አባቶችም ንስሐ ይገባሉ። እነሱንም አልተወለዱም በላቸው እስቲ!

ብርሃነ ጣና፦
እናቴ፣ እኔ ገድል አልቀበልም። ከመጽሐፍ ቅዱስ ይሁንልኝ።

ወለተ ኪዳን፦
ይሁንልህ። ሉቃስ 17፥4። ወንድምህ በቀን ሰባት ጊዜ በድሎህ ሰባት ጊዜ ተመልሶ ተጸጸትሁ ቢልህ ይቅር በለው። በቀን ነው ልጄ፣ በዓመት አይደለም። ጌታ እኛን ያዘዘውን እሱ አያደርገውም?

ብርሃነ ጣና፦
እሱ ሰው ለሰው ነው። አንድ ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም። ሐሙስ ሲናዘዝ የቅዳሜውን ቀጠሮ በልቡ ይዞ የሚሄድስ? እሱንም ተጋዳይ ትሉታላችሁ?

የሽምብጥ ልጅ፦
አንልም። እሱ ንስሐም አልገባ። ንስሐ አባት ይህን ካወቀ ቀኖና ይሰጠዋል፣ ከቁርባንም ያቆየዋል። ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት አለ። የሰረቀ ይመልሳል። አንተ ከውጭ ሆነህ መናዘዙን ብቻ ነው የምታየው።

ፖሊ ግቢ፦
በዚህ ላይ ብርሃነ ትንሽ እውነት አለው። በእኛም ቤት ጸጋን ሽፋን የሚያደርግ ሞልቷል። ግን ያንን ለመገሠጽ ብሎ የሚታገለውን አብሮ መምታት የእረኛ ሥራ አይደለም።

ብርሃነ ጣና፦
እረኛውን እናንተ አታስተምሩት። ስብከቱን ሙሉውን ስሙትና እንነጋገር።

የሽምብጥ ልጅ፦
ከፔዳ እስከ ጊዮርጊስ ሰምቼዋለሁ አልኩህ እኮ። «ደጋግሞ» ያለውን አልሻረውም።

ዝም ያልኩት፦
ብርሃነ፣ ሰባኪውን የምታውቀው ከሆነ የእኔን ታሪክ ንገረው። ስሜን ሳትጠራ።