ቲክ ታክ ቶ፦ ኮምፒውተሩን «ከባድ» ደረጃ ላይ ማሸነፍ ይቻላል?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስልኬ ላይ ከኮምፒውተር ጋር ቲክ ታክ ቶ እጫወታለሁ። «ቀላል» ደረጃ ላይ እንደ ልቤ አሸንፋለሁ። «ከባድ» ላይ ግን አንዴም አልቀናኝም፤ ወይ እኩል እንወጣለን ወይ ይበላኛል። አንዱን ጨዋታ እዩልኝ። ሳጥኖቹን ከላይ ከግራ ጀምሬ ከ1 እስከ 9 ቆጥሬያቸዋለሁ፣ መሃሉ 5 ነው። ኮምፒውተሩ ኤክስ ሆኖ 1 ላይ ጀመረ። እኔ 5ን ያዝኩ። እሱ 9፣ እኔ 3፣ እሱ 7። አለቀ። መሃሉን ይዤ እንዴት ተሸነፍኩ? ያጭበረብራል እንዴ?

ቼዝ_ወዳድ፦
አያጭበረብርም ወንድሜ። የበላህ 3ን መያዝህ ነው። 3-5-7 ልትሞላ ስለሆነ 7ን መዝጋት ግድ ሆነበት። ግን 7 ለእሱ መዝጊያ ብቻ አይደለም። 1-4-7 እና 7-8-9 በአንድ ጊዜ አንዳንድ ሳጥን ብቻ ቀራቸው። አንዱን ስትደፍን በሌላው ይገባል።

እሱ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘን ከያዘና አንተ መሃል ካለህ፣ ማዕዘን አትንካ። ከ2፣ 4፣ 6፣ 8 አንዱን ያዝ። 2ን ብትይዝ በ2-5-8 ስለምታስፈራራው 8ን ይዘጋል። አሁን በ8-9 በኩል 7ን ይፈልጋል፤ አንተ 7ን ትዘጋለህ፣ በዚያው 3ን ትፈልጋለህ። እሱ 3ን፣ አንተ 6ን፣ እሱ 4ን። ሳጥኑ ሞላ፣ እኩል ወጣችሁ።

ኤክስና_ኦ፦
እኔ በበኩሌ ዘዴዬ አንድ ነው፤ መሃሉን መያዝ። መሃል የያዘ አይሸነፍም።

ቼዝ_ወዳድ፦
ልጁ እኮ መሃሉን ይዞ ነው የተበላው 😀 ደግሞ ኮምፒውተሩ ቀድሞ መሃሉን ከያዘስ? ያኔ ማዕዘን ያዝ፣ የትኛውም ማዕዘን ይሆናል። ጠርዝ ከያዝክ አለቀልህ። እሱ 5፣ አንተ 2 በል። እሱ 1ን ይይዛል፣ አንተ 9ን ትዘጋለህ፣ እሱ 4ን ይይዛል። አሁን 6ም 7ም ያሸንፉለታል። በማዕዘን ከጀመረ ግን ለአንተ የሚያዋጣህ መሃሉ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሰባቱም ያስበሉሃል፣ በትክክል ከተጫወተ።

ኮደሩ፦
የርዕሱን ጥያቄ ልመልስ። «ከባድ» የሚባለው በትክክል ከተሠራ አይሸነፍም። ሁለቱም ካልተሳሳቱ ጨዋታው ሁሌም እኩል ነው የሚያልቀው፣ ማንም ቢጀምር።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሚኒማክስ በሚባል ዘዴ ነው። ኮምፒውተሩ የራሱን ምርጫ ሁሉ ይሞክራል፣ ከዚያ የአንተን መልስ ሁሉ፣ ከዚያ እንደገና የራሱን፤ እስከ መጨረሻው። ሁሌም አንተ ለእሱ የከፋውን እንደምትመርጥ አድርጎ ነው የሚያስበው። ጨዋታው ሊሄድባቸው የሚችሉ መንገዶች በጠቅላላው 255,168 ናቸው። ለሰው ብዙ ነው፣ ለስልክህ ግን ምንም አይደለም። «ቀላል» ላይ ብዙውን ጊዜ ባዶ ሳጥን በዘፈቀደ ነው የሚመርጠው። «መካከለኛ» ደግሞ አንዳንዴ በደንብ፣ አንዳንዴ በዘፈቀደ።

ጀማሪው፦
እሺ፣ «ከባድ»ን ተውኩት። «መካከለኛ» ላይ ቶሎ የማሸነፊያ ዘዴ አለ?

ቼዝ_ወዳድ፦
አንተ ስትጀምር ማዕዘን ያዝ። መሃል ላይ ብትጀምር ከስምንቱ መልሶች አራቱ ያድኑታል፤ ማዕዘን ላይ ስትጀምር አንዱ ብቻ። በዘፈቀደ ለሚመርጥ ተጋጣሚ ልዩነቱ ትልቅ ነው። 1ን ይዘህ እሱ 2ን ከያዘ፣ 5ን ያዝ። 9ን ይዘጋል። አንተ 7 ትላለህ፤ 3 እና 4 ሁለቱም ያሸንፉሃል… ማለቴ ያሸንፉልሃል 😀 5ን ከያዘ ግን 9ን ይዘህ ማዕዘን እስኪነካ ጠብቅ።

የቆየ_አባል፦
ከርዕስ መውጣት ይቅርታ፣ ግን ይሄ ጨዋታ ከቪዲዮ ጌም ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ቶሮንቶ ላይ በተደረገ ኤግዚቢሽን «በርቲ ዘ ብሬይን» የሚባል ትልቅ ማሽን ከጎብኚ ጋር ይጫወት ነበር፤ ደረጃውንም ከፍና ዝቅ ያደርጉለት ነበር። በ1952 ደግሞ ካምብሪጅ ውስጥ ኤድሳክ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ተሠራ። እኔን የሚገርመኝ ግን ዶናልድ ሚቺ በ1961 ያለ ኮምፒውተር ያደረገው ነው። 304 የክብሪት ሳጥን ደርድሮ ውስጣቸው ባለቀለም ዶቃ ጨመረ። እያንዳንዱ ሳጥን ለአንድ የጨዋታ ሁኔታ ነው፤ የወጣው ዶቃ ቀለም ቀጣዩን ቦታ ይነግራል። ሲሸነፍ ዶቃው ይወሰዳል፣ ሲያሸንፍ ይጨመራል። እየቆየ መጫወት ተማረ።

ኤክስና_ኦ፦
ሳጥኖቹ ከእኔ ይሻላሉ ማለት ነው።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ግን እኩል እየወጡ መጫወት ይሰለቻል። ሌላ ምን ልሞክር?

ኮደሩ፦
ደንቡን ገልብጠው፤ ሦስት ያሰለፈ ይሸነፍ። በዚህኛው መጀመር ይጎዳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይጀምር። አንተ መጀመር ካለብህ ግን 5ን ይዘህ በየተራው እሱ የያዘውን ትይዩ ሳጥን ያዝ። 1 ሲል 9፣ 2 ሲል 8 በል። ቢያንስ አትሸነፍም።