ጥቆማ፦ የመጀመሪያ ሽጉጥ፣ የትኛው ይገዛ? ምኑስ ይቀየር?

ጥያቄ፦ ፈቃዴ ወጥቷል። ዒላማ ለመለማመድ የሚሆን፣ ዋጋው የማይከብድ 9 ሚሊ ሽጉጥ እፈልጋለሁ። ግሎክ 19፣ የቼኩ ሲዜድ ፒ-10 ሲ፣ የቱርኩ ካኒክ ቲፒ9 ኤስኤፍ እና የብራዚሉ ታውረስ ጂ3 መካከል እያመነታሁ ነው። ከገዛሁ በኋላስ ምን ልቀይርለት?

መልስ፦ ለዒላማ ብቻ ከሆነ ካኒኩን ይያዙ። ቃታው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ቀላልና ጥርት ያለ ነው፤ ካዝናው 18 ጥይት ይይዛል፤ ገላው ትልቅ ስለሆነ ርግጫው ይለዝባል። ሲዜዱና ግሎኩ በመጠን ተቀራራቢ ናቸው፦ የሁለቱም በርሜል 102 ሚሊ ሜትር፣ ካዝናቸው 15 ጥይት። የሲዜድ እጀታ ጀርባው በሦስት መጠን ስለሚቀያየር ለትንሽ እጅ ይመቻል። የግሎክ ብልጫው መለዋወጫ ነው፤ ማነጣጠሪያም ሆነ ማህደር (ወገብ ላይ የሚታሰረው የሽጉጥ መያዣ) እንደ እሱ የተትረፈረፈለት የለም። ፕላስቲክ ማነጣጠሪያው ግን ደካማ ነው። ታውረስ ርካሹ ነው። ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን ደግመው በመሳብ እንደገና መምታት ይቻላል፤ የቃታው ጉዞ ግን ረጅም ነው።

ከመክፈልዎ በፊት የሚገዙትን ካዝና ሕጉ ይፈቅድ እንደሆነ ያጣሩ፤ የጥይት ብዛት የሚገድቡ አገሮች አሉ። የጥይቱንም ዓይነት በርሜሉ ላይ ያንብቡ። 9 በ19 እና የማካሮቭ 9 በ18 (ቁጥሮቹ የጥይቱ ውፍረትና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር ናቸው) ሁለቱም «9 ሚሊ» ይባላሉ፤ አንዱ በሌላው ምትክ አይተኮስም።

መልስ፦ ያገለገለ ከሆነ መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፣ ስላይዱን (በርሜሉ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን የላይኛ ክፍል) ስበው የጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ከዚያ በርሜሉን አውጥተው በብርሃን ውስጡን ይዩ። ቀለበት የመሰለ ጥላ ካለ በርሜሉ አብጧል፣ ይተውት። ቀለህ የሚጎትተው ጥፍር ጫፉ አለመሸረፉን ይመልከቱ። ሽጉጡን ገጥመው፣ አቀባብለው፣ ቃታውን ስበው ሳይለቁ ስላይዱን አንዴ ይሳቡ፤ ቃታውን ቀስ ብለው ሲለቁ «ቀጭ» ማለት አለበት። ካላለ ጠጋኝ ሳያየው አይግዙ። መለያ ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነማ እጅዎን አያስገቡበት፤ ከሕጋዊ ሻጭ፣ ከነወረቀቱ ብቻ።

መልስ፦ ስለ ማሻሻል። በመጀመሪያ ምንም አይንኩ፤ 200 ጥይት ይተኩሱበት። ቢነክስ (ጥይት ወይም ቀለህ ተሰንቅሮ ቢቆም) ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ሽጉጡ እንደ ፋብሪካው ሲሆን ብቻ ነው። ካዝናዎቹን 1፣ 2፣ 3 ብለው ምልክት ያድርጉባቸው። የሚነክሰው ሁልጊዜ አንዱ ካዝና ላይ ከሆነ ችግሩ የካዝናው ከንፈር (ጥይቱን ከላይ የሚይዘው ጠርዝ) ወይም ሞላው ነው። በሁሉም ላይ ከሆነና ቀለሁ ስላይዱ ላይ ቆሞ ከቀረ፣ የእጅ አንጓ መላላት ወይም ደካማ ጥይት ይጠርጠር።

ከዚያ ማነጣጠሪያ። ቀኝ እጅ ለሚጠቀም ሰው ወደ ታችና ወደ ግራ መምታት አብዛኛውን ጊዜ የቃታ አሳሳብ ችግር ስለሆነ፣ መጀመሪያ እጅዎን አስደግፈው ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ይተኩሱ። ያኔም ከሳተ የኋላውን ማነጣጠሪያ ምቱ እንዲሄድ ወደሚፈልጉበት አቅጣጫ ይግፉት። መጠኑ ይሰላል፦ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 150 ሚሊ ሜትር ያህል ካለና በ15 ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከሳተ፣ የሚገፋው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በመዶሻ ሳይሆን በመግፊያ መሣሪያ ይሁን። ምቱ ዝቅ ካለ አጠር ያለ የፊት ማነጣጠሪያ ያስፈልጋል።

ሞላ መቀየርን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ቃታ ይቀልላል ተብሎ የመምቻው ሞላ ሲሳሳ መርፌው ካፕሱሉን (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን የጥይቱን ቂጥ) በቅጡ አይመታም፣ ጥይቱ ይከሽፋል። የስላይዱ ሞላ ሲሳሳ ደግሞ ስላይዱ ወደ ኋላ በኃይል ይጋጫል፣ ሲመለስም ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል። የፋብሪካውን ዓይነት ሞላ በየ3,000 እስከ 5,000 ጥይቱ መተካት ይበቃል።

መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ የምጨምረው ስለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ (ስላይዱ ላይ የሚታሰር፣ በመስታወት ላይ ቀይ የብርሃን ነጥብ የሚያሳይ) ነው። ስላይዱ ከፋብሪካ የተዘጋጀለትን ሞዴል ይግዙ፤ በኋላ ማስቆረጥ ወጪ ነው፣ ዋስትናም ሊያሳጣ ይችላል። የአገጣጠሙ ችግር ብዙውን ጊዜ ከብሎን ይመጣል። ብሎኑን ከቅባት ያጽዱ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ያድርጉ፣ የአምራቹን መመሪያ ተከትለው ያጥብቁ (በተለምዶ ከ1.4 እስከ 1.7 ኒውተን ሜትር)። ብሎኑ ከሚገባው በላይ ከረዘመ በአንዳንድ ስላይድ ላይ ቀለህ ጎታቹን ይጫንና ቀለህ መውጣት ያቆማል። ከተገጠመ በኋላ መንከስ ከጀመረ ቀድመው የሚፈትሹት ይህን ነው።

አንድ አደጋም አለ። የጠቀሷቸው አራቱም ለመፍታት ቃታ መሳብ ይፈልጋሉ፤ እያጸዱ ሳለ ጥይት የሚባርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ አፈሙዙ ጥይት ሊይዝ ወደሚችል ነገር ይዙር። ይህ ካሳሰበዎት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ ቃታ ሳይሳብ ይፈታል፤ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ብረት ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ሲተኩሱም ድምፁ የደከመ ምት ከሰሙ ሁለተኛውን አይተኩሱ። እርሳሱ (የጥይቱ አረር) በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥይቱን አውጥተው በርሜሉን ፈትተው ይዩት። ከሸፈ ብለው ሲጠረጥሩ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያውጡት።