ከጎዳና ያነሳኋትን ውሻ ለማን ልስጣት?

ማህሌት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጎዳና አንስቼ ያስታመምኳት አንዲት ውሻ አለችኝ፤ ቡኒ እላታለሁ። የኋላ እግሯ ቆስሎ ነበር፣ አሁን ድኗል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች፣ የትል መድኃኒትም ተሰጥቷታል፣ እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። እኔ ጋ ግን መቆየት አትችልም። ተከራይ ነኝ፤ አከራዬ የፈቀዱልኝ እስክትድን ብቻ ነው።

ሁለት ፈላጊዎች መጥተዋል። አንደኛው ሰፊ ግቢ ያለው ቤተሰብ ነው፤ ትንንሽ ልጆች አሏቸው። ፎቶዋን እንዳዩ «ዛሬውኑ መጥተን እንውሰዳት» አሉኝ። ሌላዋ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ቤታቸው ጠባብ ነው። እሳቸው ደግሞ ጥያቄ አበዙብኝ። ማታ ትጮኻለች? ምን ያስደነግጣታል? ብቻዋን ስትሆን ምን ታደርጋለች?

ቡኒ መጥረጊያ ያነሳ ሰው ካየች ጭራዋን በእግሮቿ መሀል ሸጉጣ አልጋ ስር ትገባለች። ስትበላ ሰው ከተጠጋት መብላቷን ታቆማለች፣ ድርቅ ትላለች፣ በጎን በኩል ትኩር ብላ ታያለች። ነክሳ ግን አታውቅም። ሰው ሁሉ «ግቢ ያለው ይሻላታል» ይለኛል። ልቤ ግን አልቆረጠም። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጧት ነበር?

ዳዊት፦
እኔ ለቤተሰቡ። ጎዳና ላይ ያደገች ውሻ ጠባብ ቤት ውስጥ ትጨነቃለች። ልጆቹም ቶሎ ያላምዷታል።

ትዕግስት፦
ማህሌትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ። ከዳዊት ጋር ግን አልስማማም። ምግብ ላይ ድርቅ ማለቷ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ማጉረምረም ይመጣል፣ ያልሰማ ሰው ደግሞ ይነከሳል። አዋቂ ሰው ይህን አይቶ ዞር ይላል። ትንሽ ልጅ ግን ሳህኗ ላይ እጁን ይከታል። አንዴ ልጅ ከነከሰች ያ ቤተሰብ አያቆያትም፣ ሌላም የሚወስዳት አይገኝም።

ስለ ግቢውም ስፋቱን ሳይሆን ቡኒ የት እንደምታድር ጠይቂ። ሰፊ ግቢ ኖሯቸው ውሻቸውን ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚያስሩ ብዙ ናቸው። ከዚህ በፊት ውሻ ከነበራቸው ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው። «ጠፋ»፣ «ለሰው ሰጠነው» እያሉ ከደጋገሙ እኔ አልሰጥም።

ሴትዮዋን ወድጃቸዋለሁ። ምን እንደሚያስደነግጣት የጠየቀ ሰው አብሯት ሊኖር አስቧል። ግን እሳቸውንም ጠይቂ፤ ቢታመሙ ማን ይይዛታል? የማይሆንላቸው ከሆነ ለአንቺ እንዲመልሱልሽ፣ ለሌላ እንዳይሰጡ፣ በጽሑፍ ተስማሙ። መጀመሪያ ለሙከራ ትሂድ። አዲስ ቤት የገባች ውሻ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትደበቃለች፣ ላትበላም ትችላለች። እውነተኛ ጠባይዋ የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ቤቴ ነው እስክትል 3 ወር ሊፈጅባት ይችላል። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ተስፋ እንዳይቆርጡ።

ሄኖክ (የእንስሳት ሐኪም ረዳት)፦
ትዕግስት ጨርሳዋለች። እኔ ከሥራዬ ትንሽ ልጨምር። የክትባት ካርዷን አብረሽ ስጪ፤ የሚቀጥለው ክትባት መቼ እንደሆነ እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የለመደችውን ምግብ ላኪላት፤ አዲሱን ከእሱ ጋር እየቀላቀሉ ለሳምንት ያህል ቀስ በቀስ ይለውጡላት፣ በአንዴ ከተቀየረ ሆዷ ይበላሻል። የተኛችበትን ጨርቅም ሳታጥቢው ስጫት፤ የምታውቀው ጠረን ያረጋጋታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከበሩ ተጠንቀቁ። ጎዳና የምታውቅ ውሻ ቀዳዳ ካገኘች ትወጣለች፣ የአዲሱን ቤት መመለሻ ደግሞ ገና አታውቅም። አንገቷ ላይ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ማሰሪያ ይኑራት።

ማህሌት፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ምግብ ላይ የምታደርገውን እንዲህ አላየሁትም ነበር። ለቤተሰቡ ደውዬ ምክንያቱን በግልጽ እነግራቸዋለሁ፤ ልጆች የለመደ ውሻ ቢወስዱ ይሻላቸዋል። ቅዳሜ ቡኒን ይዤ ሴትዮዋ ጋ እሄዳለሁ። ትዕግስት፣ የስምምነቱ ናሙና ካለሽ እባክሽ ላኪልኝ።